የመስቀል ወፍ በጋውን የት ታሳልፋለች?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ አንባብያን፣ ከቤተ ክርስቲያን ርቆ የቆየ ሰው ለበዓል ብቅ ሲል ምን እንደምንለው ታውቃላችሁ። «አንተ እኮ እንደ መስቀል ወፍ በዓመት አንድ ጊዜ ነው የምትታየው» እንለዋለን። አባባሉ ለጨዋታ የሚነገር ቢመስልም ፍርድ አለበት። ወፏ መስከረም ሲጠባ ከአደይ አበባ ጋር ትመጣለች፤ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ትጠፋለች፤ ወዴት እንደምትሄድ የሚያውቅ የለም ይባላል። ሰውየውንም በዚያው ሚዛን እንመዝነዋለን። ለበዓሉ ድምቀት መጣ፤ በዓሉ ሲያልፍ ሄደ።

ዛሬ ስለዚያች ወፍ እውነቱን ላጫውታችሁ ወደድሁ። ነገሩን ያወቅሁት ከሰንበት ትምህርት ቤት ወጣቶች ጋር ወፎችን ለመመልከት ባደረግነው የአንድ ቀን የእግር ጉዞ ነው። ጉዟችን በሁለት ቦታ ነበረ። ጠዋቱን ከዳባት ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ የአንድ ገጠር ቤተ ክርስቲያን ደንና ከደኑ ሥር በተዘረጋው ረግረግ አሳለፍን። ከዚያ ወደ ደባርቅ አልፈን ከሰዓት በኋላውን በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ውስጥ ተጓዝን።

«ተመልከቱ» የሚለው ትእዛዝ

አስቀድመን አንድ ነገር እናስተውል። ጌታችን በተራራው ስብከቱ ስለ ምግብና ስለ ልብስ መጨነቅን ሲከለክል፣ የሰማይን ወፎች እንድንመለከት አዝዞናል (ማቴ. 6፥26)። በሉቃስ ወንጌል ደግሞ ቁራዎችን በስማቸው ለይቶ ጠቅሷቸዋል (ሉቃ. 12፥24)። ይህን ክፍል ብዙዎቻችን በቃላችን እናውቀዋለን። ሆኖም አለመጨነቅን እንደ ትእዛዝ ስንቀበል፣ መመልከትን ግን ለንግግር ማሳመሪያ እንደ ገባ ምሳሌ አድርገን እናልፈዋለን። ባለመድኃኒቱ «ይህን ዋጥ፣ ትድናለህ» ሲለው፣ መድኃኒቱን ትቶ መዳኑን ብቻ እንደሚጠብቅ ሕመምተኛ እንሆናለን ማለት ነው።

በቋንቋችን ማየትና መመልከት አንድ አይደሉም። ዐይን ያለው ሁሉ ያያል። የሚመለከት ግን ይቆማል፣ ያተኩራል፣ የሚመለከተው ነገር በራሱ ጊዜ እስኪገለጥለት ድረስ ይታገሣል። በመንገድ ላይ በቀን ስንት ወፍ እናያለን? ከእነዚያ መካከል ስንቱን ተመልክተናል? እኔ ይህን ጥያቄ ለወጣቶቹ ባቀረብሁ ጊዜ አብዛኞቹ ሊጠሯቸው የቻሉት ወፎች ከስምንት አልበለጡም። በአገራችን ግን ከ850 በላይ የወፍ ዓይነቶች ይገኛሉ። ይህን ያህል መምህራን ከፊታችን ተሹመውልን ሳለ የስምንቱን ስም ብቻ ይዘን መኖራችን ያስቆጫል።

የሚመራ ያስፈልጋል

ጉዞው የተደረገው በኅዳር መጀመሪያ ቀናት፣ ወርኀ ጽጌ ሊፈጸም ጥቂት ሲቀረው ነበረ። እንደምታውቁት ወርኀ ጽጌ ከመስከረም 26 እስከ ኅዳር 5 ያለው ጊዜ ነው፤ የእመቤታችንንና የልጇን ወደ ግብፅ መሰደድ የምናስብበት፣ አበባውንና ፍሬውን እያነሣን የምናመሰግንበት። የዳባት ሜዳ በዚያ ሰሞን በገብስ ነዶ ይሞላል፤ ጠዋቱም ጣት ያደነዝዛል።

የመራን ሰው የደባርቅ ተወላጅ ነው፤ እንግዶችን ወደ ተራራው በማስጎብኘት ይተዳደራል። በልጅነቱ በጎንደር አካባቢ ቅኔ ቤት ገብቶ ደበሎ ለብሶ የተማረ የቆሎ ተማሪ ነበረ። ወጣቶቹ «ጋሼ» እያሉ ይከተሉት ነበር። ገና ከመነሣታችን ሦስት ነገር አዘዘን። ስልካችንን እንድንዘጋ፣ ፀሐይን ከጀርባችን አድርገን እንድንቆም፣ እርሱ እጁን ሲያነሣ ባለንበት እንድንረጋ። ለአሥራ አራት ሰው አቅርቦ የሚያሳይ መነጽር ሁለት ብቻ ነበረን። ስለዚህ ተራ መጠበቅም አራተኛው ትእዛዝ ሆነ።

ከሁሉ በፊት ያቆመን ከቤተ ክርስቲያኑ ፊት ነው። በጣራው ጠርዝ ላይ ርግቦች ተደርድረዋል። ርግብ አይተን ስለምናውቅ ብዙዎቻችን ዐይናችንን ወደ ዛፎቹ መለስን። እርሱ ግን «አንገቷን ተመልከቱ» አለን። አንገቷ ላይ ነጭ ቀለበት አላት። ይህች ባለ ነጭ አንገትጌ ርግብ በመላው ዓለም የምትገኘው በኢትዮጵያና በኤርትራ ደጋማ ምድር ብቻ ነው። የምትኖረው በገደል ውስጥ ነው፤ ገደል ባጣችበት ደግሞ በከፍተኛ ሕንፃና በቤተ ክርስቲያን ጣራ ሥር ጎጆዋን ትሠራለች። ዳዊት ወፍ እንኳ በእግዚአብሔር መሠዊያ አጠገብ ለጫጩቶቿ ቤት እንዳገኘች በመዝሙሩ ሲያነሣ (መዝ. 83፥3) እኛ ነገሩን እንደ ቅኔ እንሰማዋለን። በዚያ ጠዋት ግን መዝሙሩ ከራሳችን በላይ በጣራው ላይ ተቀምጦ ነበረ። ስንት ጊዜ በሥሩ አልፈን ገብተናል!

ደኑ ማንን ይጠለላል?

ከቅጥሩ ውስጥ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ተጠጋግተው ቆመዋል። ከቅጥሩ ውጭ እርሻና ግጦሽ ነው፤ አልፎ አልፎ ባሕር ዛፍ ይታያል። ይህ ሥዕል የአንድ ደብር ብቻ አይደለም። በአማራ ክልል ብዙ ቦታ የጥንቱ ደን የተረፈው በአብያተ ክርስቲያናት ዙሪያ ነው። ብዙዎቻችሁ በ«እመጓ» መጽሐፉ የምታውቁት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በሙያው የደን ሥነ ምኅዳር ተመራማሪ ነው። በደቡብ ጎንደር 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን ባጠናበት ሥራ 168 ዓይነት ዛፎች፣ ቁጥቋጦዎችና ሐረጎች ተመዝግበዋል። ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ከማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆኖም ከብት ገብቶ ችግኝ እንዳይረግጥ በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ አጥር እንዲሠራ ካህናቱንና ምእመናኑን አስተባብሯል። ድንጋዩ ከየማሳው የተለቀመ ነው፤ ስለዚህ ማሳውም ጸዳ፣ ደኑም ታጠረ።

በጥዱ መካከል ስንሄድ አስጎብኚያችን እጁን አነሣ። ከአንዲት አበባ ላይ ጥቁር የምትመስል ትንሽ ወፍ መንቁሯን ሰክታ የአበባውን ማር ትጠጣለች። ፀሐይ ስትነካት ግን ጥቁርነቷ ወደ ሐምራዊና ወደ መዳብ ቀለም ተለወጠ። የሳይንስ ስሟ የተሰየመው በተከዜ ወንዝ ነው፤ ዓለም ሁሉ በዚሁ ስም ይጠራታል። የአገራችንን ወንዝ ስም ተሸክማ የምትበር ወፍ በደጃችን ስትኖር ስሟን የምንሰማው ገና ዛሬ ነው።

የደብሩ አገልጋይ የሆኑ አንድ አረጋዊ ካህን ከእኛ ጋር ይራመዱ ነበርና ስለ ደኑ ጠየቅናቸው። «ልጆቼ፣ ዛፉ የታቦቱ ልብስ ነው» አሉን። ቀጥለውም ከደኑ ሥር ወደሚወጣው ጸበል ጠቆሙን። ዛፉ ሲቆረጥ ምንጩ እንደሚደርቅ የሚያውቁት ከአባቶቻቸው ሰምተው ነው። ምክንያቱም ግልጽ ነው። የዛፉ ቅጠል የዝናቡን ጉልበት ይሰብራል፣ ሥሩና የረገፈው ቅጠል ውኃውን ወደ ምድር ያሰርጋል፤ የሰረገው ውኃ በበጋ ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ያ ውኃ ከጸበሉ ቤት አልፎ ወደ ታች ሲወርድ ረግረጉን ይሠራል። ረግረጉ ደግሞ የወፎቹ ማዕድ ነው። ስለዚህ በቅጥሩ ውስጥ አንድ ወይራ የሚቆርጥ ሰው ጸበሉንም ረግረጉንም ወፉንም አብሮ ይነካል።

በረግረጉ ዳር

ከደኑ ወርደን ወደ ረግረጉ ደረስን። በእርጥቡ ሣር ላይ ጎባጣ ረጅም መንቁር ያላቸው፣ ከጉሮሯቸው ሥር ሥጋ የተንጠለጠለላቸው ጋጋኖዎች መሬቱን እየወጉ ትልና ጥንዚዛ ይለቅማሉ። እነርሱም ከአገራችንና ከኤርትራ ደጋ በቀር የትም አይገኙም። ከመካከላቸው ጅራቷን ከፍ ዝቅ የምታደርግ ደረቷ ቢጫ የሆነ ትንሽ ወፍ ትሮጣለች። «ይህችስ እንግዳ ናት፤ በመስከረምና በጥቅምት ከሰሜን፣ ከአውሮፓና ከእስያ ወገን መጥታ ብርዱን እኛ ጋር አሳልፋ የምትመለስ» አለን። ነቢዩ ኤርምያስ የሰማይ ወፎች የመምጫ ጊዜያቸውን ሲያውቁ ሕዝቡ ግን የአምላኩን ፍርድ አለማወቁን እያነጻጸረ ያዘነው (ኤር. 8፥7) እንዲህ ያሉትን ተጓዦች እየተመለከተ ነው።

ከዚያ የመጣንበትን ነገር አገኘን። በረግረጉ ጠርዝ፣ ከቄጠማው ላይ የተቀመጠ አንድ ወፍ ነበረ። ግማሽ አካሉ ጥቁር፣ ግማሹ እንደ ድንቢጥ ቡናማ ነው፤ ላባው የተበጫጨቀ ይመስላል። ከወጣቶቹ አንዷ «የታመመ ነው?» አለች። አስጎብኚያችን ፈገግ ብሎ «የመስቀል ወፍ ነው፤ ልብሱን እያወለቀ ነው» አላት።

የመስቀል ወፍ የሚባለው እንደየአገሩ ይለያያል፤ በአንዱ ቦታ ቀዩ ነው፣ በሌላው ረጅም ጅራት ያለው ነው። በእኛ ደጋ ከሚታዩት አንዱ ይህ ጥቁርና ቢጫው ነው። ክረምት ሲገባ ወንዱ አሮጌ ላባውን ጥሎ እንደ ከሰል የጠቆረ ልብስ ይለብሳል፤ ትከሻውና የጀርባው ታችኛ ክፍል ቢጫ ይሆናል። ጎጆ የሚሠራበት፣ የሚራባበት ወቅት ነውና በሣሩ ላይ ደረቱን ነፍቶ ይታያል። መስቀል የሚደርሰው በዚህ ድምቀቱ ላይ ሳለ ነው። ወቅቱ ሲያልፍ ግን ጌጡን ጥሎ ቡናማ ይለብሳል፤ ከሴቶቹና ከሌሎች ዘር ለቃሚ ወፎች መንጋ ጋር ተቀላቅሎ በየአውድማውና በየገለባው ይውላል።

ስለዚህ፣ ውድ አንባብያን፣ የመስቀል ወፍ የትም አትሄድም። ጥርና የካቲትን፣ ዐቢይ ጾምንና ትንሣኤን ሁሉ እዚሁ ከእኛ ጋር ታሳልፋለች። በአጥራችን ላይ ትቀመጣለች፣ ከአውድማችን ትለቅማለች። የምትለውጠው ልብሷን ነው፤ እኛም ልብሷ ሲለወጥ አናውቃትም። «ጠፋች» የተባለው በእኛ ዐይን ነው።

አስጎብኚያችን ግን በዚህ አልበቃውም። አንድ የቡናማ ወፎች መንጋ ወዳለበት ሣር አመለከተንና «ከእነዚህ ውስጥ የትኛው እንደሆነ ለዩልኝ» አለን። መነጽሩ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ሁሉም አንድ ናቸው። ማንም ሊለይ አልቻለም። ድንገት አንድ ጭልፊት በላያችን ሲያልፍ መንጋው ሁሉ በአንድ ጊዜ ብድግ አለ። ያን ጊዜ እስከዚያ ሰዓት ቃል ያልተናገረ አንድ ልጅ «ጀርባው ላይ ቢጫ አለ!» ብሎ ጮኸ። እውነት ነው። ወንዱ ጌጡን ሁሉ ሲጥል ያችን ከጀርባው በታች ያለችውን ቢጫ አይጥላትም። ተቀምጦ ሳለ ክንፉ ይሸፍናታል፤ ሲበር ትገለጣለች።

የልጁ ጥያቄ

ስለዚያ ልጅ ጥቂት ልንገራችሁ። በ2013 ዓ.ም. ማብቂያ ጦርነቱ ወደ ዳባት ወረዳ ሲደርስ ቤተ ሰቡ ከቀያቸው ከተሰደዱት መካከል ናቸው። በዚያ ሰሞን በጭና ንጹሐን ወገኖቻችን እንዴት እንዳለቁ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ልጁ ከስደት ሲመለስ ከሰንበት ትምህርት ቤት ቀረ። በበዓል ቀን ከሰው ኋላ ቆሞ ይታያል፤ ከዚያ ወራት ያልፋሉ። «የመስቀል ወፍ» የሚለው ስም ለእርሱም ወጥቶለት ነበር። ወደ ጉዞው የመጣው ታናሽ እኅቱ ጎትታው ነው።

ከደኑ ጥላ ሥር ተቀምጠን ዳቦ ስንቆርስ ወንጌሉ ተነበበ። ልጁ ሰምቶ ሲያበቃ ዝቅ ባለ ድምፅ እንዲህ አለ። «ወፍም እኮ ይሞታል። ክረምት ላይ በረዶ የገደላቸውን ከዛፍ ሥር አይቻለሁ። ታዲያ ይመግባቸዋል የተባለው ምንድን ነው?»

ይህ ጥያቄ በየልባችን ያለ ነው፤ በመድረክ ላይ ግን አናነሣውም። አረጋዊው ካህን አልተቆጡም፤ ቸኩለውም አልመለሱም። ጥቂት ዝም ብለው ቆይተው፣ «ልጄ፣ ጌታ ድንቢጥ አትወድቅም አላለም» አሉት። ሌላ ቃል አልጨመሩም።

እኔ ይህን መልስ ከዚያ ወዲህ ብዙ አሰላስዬዋለሁ። በማቴዎስ ወንጌል ጌታችን ስለ ድንቢጦች ሲናገር ዋጋቸው እጅግ ርካሽ እንደሆነ፣ በገበያም እንደሚሸጡ ያውቃል። ከእነርሱም አንዲቱ እንኳ ያለ አባታችን በምድር ላይ እንደማትወድቅ ነው የነገረን (ማቴ. 10፥29)። መውደቅ መኖሩን አልደበቀም። የነገረን ከወደቀችው ጋር አብ እንዳለ ነው። ይህንም የተናገረው ደቀ መዛሙርቱን ወደ መከራ ሲልካቸው እንጂ ለደላቸው ሰዎች በሰላም ቀን አይደለም። በወርኀ ጽጌ የምናስበው ስደትም ይህንኑ ያስተምረናል። ወፎችን ተመልከቱ ያለን ጌታ ራሱ በሕፃንነቱ በእናቱ ጀርባ ታዝሎ ከሰይፍ የሸሸ ነው፤ ኋላም በመስቀል ላይ ስለ እኛ የሞተ ነው። ከሩቅ ሆኖ «አትፍሩ» የሚል አምላክ አይደለም። ከቀዬው የተሰደደ ልጅ ይህን ስደተኛ ጌታ ጥያቄውን ይዞ ሊቀርበው ይችላል።

ልጁ ከዚያ በኋላ በየሳምንቱ ይመጣል ብዬ አልጽፍላችሁም። ከሰዓት በኋላ ግን መነጽሩን ተራው ሳይሆን ሁለት ጊዜ ለመነ፤ ሌሎቹም ሳያጉረመርሙ ሰጡት።

ከተራራው ላይ

ደባርቅ የፓርኩ ጽሕፈት ቤት የሚገኝባት ከተማ ናት። እዚያ ተመዝግበን፣ መሣሪያ የያዘ ስካውት ተጨምሮልን ወደ ሳንቃበር አቅጣጫ ወጣን። የሰሜን ተራሮች ፓርክ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት የተመዘገበ፣ በ1996 ለጥፋት ከተጋለጡ ቅርሶች መዝገብ የገባ፣ በ2017 ደግሞ ከዚያ መዝገብ የወጣ ቦታ ነው። ዋልያው፣ ቀይ ቀበሮውና ጭላዳው ስሙን በዓለም አስጠርተውታል። የራስ ዳሸን ጫፍ ከ4,500 ሜትር በላይ ነው።

ከገደሉ አፋፍ ተቀምጠን ሳለ ጢማሙ አሞራ ከበታቻችን ተነሥቶ በፊታችን አለፈ። ክንፉ ሲዘረጋ ከሁለት ሜትር ተኩል ይበልጣል። ሌሎች አሞሮች ሥጋውን በልተው ሲሄዱ እርሱ የተረፈውን አጥንት ይዞ ወደ ላይ ይወጣል፤ ከድንጋይ ላይ ለቆት ይሰብረዋል፤ ስብርባሪውን ከነመቅኑ ይውጠዋል። ማንም የማይፈልገው አጥንት ለእርሱ ማዕድ ተደርጎ ተሰጥቶታል። ጌታ ሕዝቡን ካጠገበ በኋላ ከቁርስራሹ ምንም እንዳይጠፋ ማዘዙን (ዮሐ. 6፥12) አስታወሰን።

ምሳችንን ስናወጣ ደግሞ ቁራዎቹ መጡ። መንቁራቸው ወፍራም፣ ማጅራታቸው ላይ ነጭ ምልክት ያለባቸው እነዚህ ቁራዎች የሚኖሩት በአፍሪካ ቀንድ ደጋማ ምድር ብቻ ነው። እኛ ቁራን በክፉ ምልክትነት እንጠራዋለን፤ ከኖኅ መርከብ ወጥቶ የቀረ መልእክተኛ እያልን እንተርትበታለን። ነገር ግን ነቢዩ ኤልያስን በኮራት ፈፋ እንጀራና ሥጋ እያመላለሰ የመገበ እርሱ ነው (1ኛ ነገ. 17፥6)። ጌታም ወፍ በስም ጠርቶ ተመልከቱ ሲል የመረጠው ቁራን ነው። እኛ የናቅነውን እግዚአብሔር አገልጋይ አድርጎ ሊልከው እንደሚችል ከዚህ በላይ ምን ይነግረናል?

የቅዱስ ያሬድ ትምህርት ቤት

በእነዚህ ተራሮች ላይ ሆኖ ቅዱስ ያሬድን አለማሰብ አይቻልም። ሊቁ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገብረ መስቀል ዘመን የነበረ ነው። ከንጉሡ ተሰናብቶ ቀሪ ዘመኑን በጾምና በጸሎት ያሳለፈው፣ የተሰወረውም በዚሁ በሰሜን ምድር እንደሆነ ቤተ ክርስቲያናችን ታስተምራለች፤ መታሰቢያውም ግንቦት 11 ነው።

የያሬድን ታሪክ ከመመልከት አንጻር አስቡት። ትምህርት አልገባው ብሎ ሲሸሽ ከዛፍ ሥር ተቀመጠ፤ ዛፉን ለመውጣት እየሞከረ የሚወድቅ ትል ተመለከተ። ትሉ ደጋግሞ ወድቆ በሰባተኛው ወጣ፤ ያሬድም ተጽናንቶ ወደ መምህሩ ተመለሰ። ኋላም እግዚአብሔር ከኤዶም ገነት ሦስት አዕዋፍን ላከለት፤ በእነርሱም ተመርቶ የሰማያዊውን ዜማ ሰማ። ግዕዝ፣ ዕዝልና አራራይ እያልን ዛሬም የምናዜመው ያን ነው። ትሏን ለማየት ያልቸኮለ ዐይን ነበረው፤ ስለዚህም አዕዋፉን ለመስማት የተዘጋጀ ጆሮ ተሰጠው። በየሰንበቱ ስንዘምር የምንዘምረው አንድ ሰው ተቀምጦ በመመልከቱ የተገኘ ስጦታ ነው።

ምን እናድርግ?

የተወደዳችሁ ወጣቶች፣ ይህን ለማድረግ ሩቅ መሄድ አያስፈልጋችሁም። ነገ ጠዋት ከኪዳን በኋላ ከቅጥሩ ውስጥ ለግማሽ ሰዓት ዝም ብላችሁ ተቀመጡ። ስልካችሁን ዝጉ፣ ፀሐይን ከጀርባችሁ አድርጉ፣ አንድ ወፍ መርጣችሁ እስክትሄድ ድረስ ተመልከቱ። ምን እንደበላች፣ ከማን ጋር እንደዋለች በማስታወሻችሁ ጻፉ። ስሟን አዛውንት ጠይቁ፤ በየአካባቢው ያለው የወፍ ስም ከአዛውንቶቹ ጋር እያለፈ ነውና። የሰንበት ትምህርት ቤት አመራሮችም አካባቢውን የሚያውቅ አስጎብኚ ጋብዛችሁ በዓመት አንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ጉዞ ብታዘጋጁ የአንድ ጉባኤ ያህል ታተርፋላችሁ።

ወንጭፍ የያዘ ታናሽ ወንድም ካላችሁ፣ ኦሪት ጎጆ ያገኘ ሰው እናቲቱን ከጫጩቶቿ ጋር እንዳይወስድ ማዘዙን (ዘዳ. 22፥6-7) በፍቅር አስረዱት። በደብራችሁ ደን የጎደለ ቦታ ካለ ጥድ፣ ወይራና ኮሶ ትከሉ፤ ከብት የሚገባበት ክፍት ካለ በድንጋይ ካቡት። ከደኑ ሥር ያለው ረግረግ «ባዶ መሬት» ተብሎ እንዳይታረስ ከካህናቱና ከሽማግሌዎቹ ጋር ተመካከሩ።

ከሁሉ በላይ ግን፣ በበዓል ቀን ብቻ የምታዩትን ወንድማችሁን ወይም እኅታችሁን በመስቀል ወፍ ስም ከመጥራታችሁ በፊት ወፏን አስቡ። ያ ሰው የጠፋው ምናልባት ልብሱ ስለተለወጠ ነው። ኀዘን፣ ሥራ ማጣት፣ ስደት፣ ውስጡን የሚበላው ጥያቄ የደስታውን ቀለም ገፎት ይሆናል። ከእናንተ ጋር በአንድ ሰፈር ይኖራል፤ በአንድ ታክሲ ትሳፈራላችሁ፤ ከአንድ ሱቅ ትገዛላችሁ። በዐርባና በሰማንያ ቀኑ የተጠመቀበት፣ በሜሮን የታተመበት ማኅተም ግን አልወለቀም፤ ክንፉ ሸፍኖት ነው። እናንተ ሥራችሁ መቅረቡን መቁጠር አይደለም። በጥርና በየካቲት፣ በዓል በሌለበት በተራው ቀን፣ ወደ ቤቱ ሄዳችሁ ደጁን አንኳኩ። ጥያቄ ካለው ሳትቸኩሉ ስሙት። መልሱን ባታውቁት እንኳ አብራችሁት ተቀመጡ።

ይህን ጽሑፍ የምታነቡት እናንተ ራሳችሁ «የመስቀል ወፍ» የተባላችሁ ከሆናችሁም ስሙኝ። ሰው ባያውቃችሁም የፈጠራችሁ በሁሉም ልብሳችሁ ያውቃችኋል። ለመምጣት መስከረምን አትጠብቁ፤ ቡናማ ላባችሁን እንደለበሳችሁ ኑ።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፣ ወለወላዲቱ ድንግል፣ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።